ሚስቱ የቆመችበት እግር

በሌለበት «አቶ እውነት» ይሉታል። በፊቱ ደፍሮ የሚለው የለም፤ ደፍሮ ያለ ሰው የሦስት ገጽ መልስ ይጻፍበታላ። ሙያው ፎቶ ማንሳትና ማስተማር ነው፤ ነገር ግን ካነሳው ፎቶ ያነሳው ጠብ ይበልጣል። በአሮጌ የፊልም ካሜራ ያነሳል፤ ፊልሙን ራሱ ያጥባል፤ ራሱ ያትማል። ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ሰማይ የሚያሰማምር፣ ሽበት የሚያጠፋ፣ ቦርጭ የሚቀንስ ባለሙያ ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። በእሱ ሚዛን የዓለም ፎቶ አንሺ ሁለት ዓይነት ነው፤ ያየውን የሚያሳይና የሚዋሽ። ከመጀመሪያው ዓይነት እስካሁን በአካል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ነው።

ይህ ሰው ሦስት ዓመት የለፋበት ዐውደ ርእይ ሊከፈት አንድ ቀን ቀርቶታል። ርእሱ «ቤት ውስጥ የሚደነሰው» ይላል። ሐሳቡ፣ ለጠላትም ቢሆን እውነት ይነገራልና፣ ጥሩ ነበር። መድረክ ላይ የሚደነሰውንማ ሁሉም ያነሳዋል። እሱ ግን ሰው ማንም አያየኝም ብሎ፣ በገዛ ቤቱ፣ በሥራ መሐል፣ ሳያስበው የሚደንሰውን ማንሳት ፈለገ። አማቱ አንሶላ ሲያራግፉ ወገባቸው የሚሠራውን ሥራ አነሳ። የአሥር ዓመት ሴት ልጁ አንድ እግሯ ካልሲ ለብሶ አንዱ ባዶውን ኮሪደር ላይ ስትሽከረከር አነሳ። ሁለት ጎረቤቶቹ ሶፋ ተሸክመው በጠባብ በር ለማለፍ ወዲያና ወዲህ ሲሉ አነሳ፤ ከነስድባቸው። እሱ ራሱ የደነሰበት አንድ ፎቶም ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረገው። አማቱ «ይሄ ዳንስ አይደለም፤ ሸሚዙ ውስጥ ንብ የገባበት ሰው ነው» አሉ።

የዐውደ ርእዩ ልብ ግን የሚስቱ ፎቶ ነው።

ሚስቱ ዳንሰኛ ነበረች። ዳንሰኛ ሲባል ከኋላ ረድፍ ቆማ እጇን የምታወዛውዝ አይደለችም፤ መጋረጃው ሲከፈት ሰው አንገቱን አስግጎ የሚፈልጋት ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ትርኢት ላይ ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ሐኪሞቹ ሰፉት፤ አሠሩት፤ ፈቱት። በመጨረሻም «መራመድ ትችያለሽ፤ በዚያ እግር ብቻ መቆምን ግን እርሺው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ዳንስ ትምህርት ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለተማሪዎች ምት ትቆጥራለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አንተ ረጅሙ፣ አራት እኮ ገና አልመጣም! ወዴት ትቸኩላለህ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለካሜራ አልደንስም አለች። ባሏ ለመነ፤ ተቆጣ፤ አኮረፈ። ማኩረፉ ምንም አልጠቀመም፤ እንዲያውም ቤቱ ጸጥ ብሎ ሁሉም ተደሰተ። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ዕቃ ስታጥብ ሬዲዮኑ አንድ ዜማ ለቀቀ። እሱ ኮሪደር ውስጥ ካሜራውን እያጸዳ ነበር። አንድ እግሯ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሄደ፤ አንድ ክንዷ በጭንቅላቷ ላይ ዞረ፤ ከጣቶቿ ጫፍ የሳሙና አረፋ ጠብ አለ። ቀጭ።

«አነሳኸኝ አይደል?» አለች ሳትዞር።

«አነሳሁሽ።»

«አጥፋው።»

«ፊልም እኮ አይጠፋም።»

«ይቃጠላል ግን።»

ሁለት ሳምንት ተደራደሩ። በመጨረሻ እንዲህ አለችው፤ «እሺ። ግን ጠረጴዛ ላይ፣ መዳፍ የምታክል ወረቀት አታሳየኝም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ በቁመቴ ልክ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነው የማየው። አይቼ እምቢ ካልኩ ይወርዳል። ክርክር የለም። ጽሑፍ የለም።»

ማለላት። ሰው እርግጠኛ በሆነበት ነገር ላይ መማል ምን ይከብደዋል?

ከዚህ በፊት ግን መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ከሁለት ወር በፊት አቶ እውነት በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ «ግራውን ቀኝ የሚያደርግ ካሜራ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። የተጻፈበት ሰው ክረምት ከበጋ ኮፍያ የማያወልቅ ፎቶ አንሺ ነው፤ ስለዚህ እኛም ባለ ኮፍያው እንለዋለን። የባለ ኮፍያው ጥፋት አንድ የዳንስ ቡድን አንስቶ፣ ለዓይን እንዲጥም ብሎ የፎቶውን ግራና ቀኝ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ማዛወሩ ነው። ይኸው ነው። ሰው አልገደለም። አቶ እውነት ግን ሦስት ገጽ አወረደበት። እንደ አውሎ ነፋስ ሳይሆን እንደ ዳኛ፣ አንቀጽ በአንቀጽ። ከሁሉ የከፋችው አረፍተ ነገር ይህቺ ነበረች፤ «የዳንሰኛን እግር ያዛወረ ሰው ዳንሰኛን አይቶ አያውቅም።» ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ለሚስቱ ጮክ ብሎ አነበበላት። «ጥሩ ነው፤ ግን ሰውዬው ምን አደረገህ?» አለችው። «እውነትን ነክቷል!» አላት። «እሺ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እንግዲህ ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ መክፈቻው ዓርብ ከሰዓት። ከሰኞ ጀምሮ ፎቶዎቹ በአዳራሹ ተሰቅለዋል። የሚስቱ ፎቶ ከበሩ ትይዩ ያለውን ሰፊ ግድግዳ ብቻውን ይዟል፤ በቁመቷ ልክ፣ ጥቁርና ነጭ። ፎቅ ላይ ደግሞ፣ የዕድል ነገር፣ ባለ ኮፍያው የራሱን ዐውደ ርእይ እያዘጋጀ ምስማር ይመታል። አቶ እውነት በደረጃው ላይ ሲያገኘው ሰላም የሚለው ኮፍያውን ነው።

ሚስቱ ከእናቷ ጋር መጣች። አማቱ እግረ መንገዳቸውን ከገበያ ስለመጡ አንድ ዘንቢል ጎመን ይዘዋል። ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ምንም አላለችም። እሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ እጁን በጀርባው አጣምሮ ዝምታዋን ማድነቅ ጀመረ። ታላቅ ሥራ ፊት ሰው ዝም ይላል፤ ይህን አንድ ቦታ ጽፎታል።

ዝምታውን የሰበሩት አማቱ ናቸው። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አወጡ፤ ጠረጉ፤ አደረጉ።

«ይቺ ልጅ በቀኝ እግሯ ብቻ ቆማለች እንዴ?»

አቶ እውነት ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ በተማሪዎቹ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሲያዩት ደብተር ይከፍታሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥበብ የሐኪም ማስረጃ አይደለም። ፎቶ ሲታይ እግር አይቆጠርም። መጀመሪያ ብርሃኑን ይመልከቱ። ከዚያ መስመሩን፤ ከተረከዝ ተነስቶ በጀርባዋ ሽቅብ ሄዶ በጣቷ...»

«ብርሃኑንማ አየሁት፤ ጥሩ መብራት ነው። እግሯን ነው የጠየቅሁህ።»

«እግሯ እግሯ ነው!»

«እሱንማ እኔ ነኝ የወለድኩት።»

ሚስቱ ወደ ፎቶው ተጠጋች። በጣም ተጠጋች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች። «ተዛውሯል» አለች በዝግታ። «ግራና ቀኙ ተዛውሯል።»

«ምን? የማን ፎቶ? የእኔ?» ሳቀ። ሳቁ አዳራሹ ውስጥ አስተጋብቶ ወደ እሱ ሲመለስ እንደ አህያ ድምፅ ሆኖ ተሰማው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪ ክፍል በገባ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ምንድን ነው? የፊልሙ የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ መብራቱ፣ ደብዛዛው ገጽ ወደ ወረቀቱ! ይህን የሚሳሳት ሰው ካሜራውን ሸጦ በግ ቢያረባ ይሻለዋል ብዬ የጻፍኩ ሰው እኔ ነኝ!»

«ጽፈሃል» አለች ሚስቱ። «እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተጎዳው የትኛው እግሬ ነው?»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ሰውዬው ከዚህች ሴት ጋር አሥራ አራት ዓመት በትዳር ኖሯል። ሆስፒታል ወንበር ላይ አድሮላታል። ደረጃ ስትወርድ ፊት ፊት ሄዶላታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከአልጋ ስትነሳ ያንን እግር በሁለት እጇ አንስታ መሬት ስታስቀምጠው በዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ እርግጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሆነ ሰው መልስ በሐሳቡ እየጻፈ ነበር። ይህን ሁሉ ትቶ ምን አደረገ? ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። ፎቶው ውስጥ ሴትዮዋ በቀኝ ቆማለች፤ ግራዋን አንስታለች። ሰው በደህናው ይቆማል፤ የታመመውን ያነሳል። ሎጂክ ነው።

«ግራው» አለ፤ በሙሉ ልብ።

አማቱ ዘንቢላቸውን አነሱ።

ሚስቱ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ ቁጣ የእሱ አገር ነው፤ እዚያ መንገዱን ያውቀዋል። እሷ ግን ቀኝ ጉልበቷን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «ይሄ ነው» አለች። «ይሄኛው። ተዋወቁ።»

ቀና ብሎ ፎቶውን እንደገና ሲያይ ሁሉም ነገር ዓይኑ ላይ ወደቀበት። ፀጉሯን የምትከፍለው በዚያ በኩል አይደለም። ዓይን ያለው ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር ደግሞ ጠርዙ ላይ አለ፤ የመስኮቱ ጫፍ።

«መስኮታችን...» አለ ድምፁ ተሰብሮ፣ «መስኮታችን በግራ ነው እንዴ?»

«አንድ ቀን እንኳ ሳህን አጥበህ ቢሆን ኖሮ» አሉ አማቱ፣ «መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ይህን ያህል ግር ባላለህ ነበር፤ ልጄ።»

«አስተካክዬ አትመዋለሁ። ዛሬውኑ! ተራ ስህተት ነው፤ የቴክኒክ ስህተት...»

«የዳንሰኛን እግር ያዛወረ ሰው» አለች ሚስቱ፣ «ዳንሰኛን አይቶ አያውቅም።» በቃሏ ነው የያዘችው፤ እያንዳንዷን ቃል። «እሺም እምቢም አላልኩም። ቤት ሄጄ አስብበታለሁ።»

ሄዱ። ከአማቱ ዘንቢል አንድ የጎመን ቅጠል ወድቃ ወለሉ ላይ ቀረች። አቶ እውነት አነሳት፤ የሚያደርጋትን አጥቶ ኪሱ ከተታት።

የሰው ሲያማስሉ የራስ ማረር እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን እንደያዘ የእግር ኮቴ ሰማ። ባለ ኮፍያው መዶሻ ይዞ ከፎቅ ይወርዳል። አቶ እውነት ሰው ባጠፋበት ቀን የሚያደርገውን አደረገ፤ ሌላ ሰው ላይ ጮኸ።

«ሰምተሃል አይደል! ደስ ብሎሃል!»

«የተሰማው እስከ መንገድ ድረስ ነው» አለ ባለ ኮፍያው። «ለነገሩ እኔ ከሰኞ ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

«ከሰኞ? ከሰኞ! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሆን ብለህ ያደረግኸው መሰለኛ። ከእኔ ጽሑፍ በኋላ... ማለቴ በእኔ ላይ ከጻፍከው በኋላ፣ ተጸጽቶ ይቅርታ በፎቶ እየጠየቀኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለቤተሰቤም ነገርኳቸው። እናቴ ታላቅ ሰው ነው አለች።»

«እናትህ ተሳስታለች።»

«አሁንማ ገባኝ።» ባለ ኮፍያው ፎቶውን አሻቅቦ አየ። «አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቆጣ። ካየሁልህ ፎቶ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ደግሞ እኔ ያነሳሁት የዳንስ ቡድን ነው፤ ሃያ ሰው እየተሽከረከረ የማን እግር ቀኝ፣ የማን ግራ እንደሆነ ባላይ አይገርምም። አንተ ግን አንድ ሴት ናት ያለችህ።»

አቶ እውነት ከወንበሩ ተነሳ። በሕይወቱ መልስ ያጣበት ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆኑ።

«ይቅርታ» አለ። ቃሏ ከጉሮሮው ስትወጣ እንደ ዓሣ አጥንት ነበረች። «ስለ ጽሑፉ።»

«ሦስቱንም ገጽ?»

«ሁለት ተኩሉን። ኮፍያውን በተመለከተ የጻፍኩት ይቀመጥ።»

ባለ ኮፍያው ሳቀና ወደ ምስማሩ ተመለሰ።

የአቶ እውነት ጨለማ ክፍል ከቤቱ ጀርባ ያለች፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት። በሩን ዘጋ፤ ቀዩን መብራት አበራ፤ ፊልሙን ከፖስታው አወጣ። ጠርዙ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አያቸው። በመጀመሪያው ኅትመት ምስል ማጉያው ውስጥ ሲያስገባው ቁጥሮቹን ቢያነብ ኖሮ በግልባጭ መሆናቸውን ያይ ነበር። ለምን አላነበበም? ትዝ አለው። ያን ቀን ፊልሙን ሲያስገባ በአፉ ባለ ኮፍያውን የሚያፈርስ አረፍተ ነገር እየሞከረ ነበር። ያቺን ስለ እግር የምትለውን።

ደብዛዛውን ገጽ ወደ ታች አድርጎ በትክክል አስገባው። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ወረደ። በዚህ ጊዜ ግን አልከረከመውም፤ ፊልሙ የያዘውን ሁሉ እንዳለ ተወው። ያኔ ነው ሌላው ጉድ የተገለጠው። የመጀመሪያውን ሲያትም ከጎን በኩል ቆርጦት ነበር፤ «የማይረባ ዕቃ መስመሩን ያበላሻል» ብሎ። የማይረባው ዕቃ የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ነበር። ጠርዙ ላይ ደግሞ ሌላኛው እጇ አለ። ጠርዙን ጨብጣለች። ጣቶቿ ደም ሸሽቷቸው ነጭ እስኪሆኑ ጨብጣለች። በግራ እግሯ ቆማ፣ ያንን የተሰፋ ጉልበት በቀስታ ወደ ላይ እያወጣች፣ በአንድ እጇ ሰማይ ላይ ክብ እየሠራች፣ በሌላው መውደቅን ይዛዋለች።

እሱ ያየው አረፋውን ነበር።

የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ወረቀቱ ቀስ እያለ ሲጠቁር ዓይኑን ከጣቶቿ ላይ መንቀል አቃተው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ፎቶ የሚጽፈው ነገር አልመጣለትም። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፤ የመድኃኒቱ ሽታ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ከራሱም ጋር አልተከራከረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረቀቱን ገና እርጥብ እንደሆነ በሁለት እጁ ይዞ ኩሽና ገባ። ሚስቱ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግታለች። ቀኙን። አየው። አማቱ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«ይኸውልሽ» አለ። ሌላ የሚጨምረው አጣ። አማቱ ቀና ብለው በጥርጣሬ አዩት፤ አሞት እንደሆነ።

ሚስቱ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን በፎቶው ውስጥ ባለው እጅ ላይ ሳትነካው አንዣበበች።

«ያን ቀን በጣም ነበር ያመመኝ» አለች።

«አላወቅሁም።»

«እንድታውቅ አላደረግሁማ። ግን ትንሽ ብታይ ኖሮ ይታይ ነበር። ይኸው፤ ካሜራህ አይቶታል።»

«ነገ ጠዋት በትልቁ አትመዋለሁ። ያኛውን አውርጄ ይሄን እሰቅላለሁ። እውነተኛው ይሄ ነው፤ ሰው ማየት ያለበት...»

«አትሰቅልም።»

«እንዴ?»

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች። «እኔን ግድግዳ ላይ አትሰቅልም። ይቺን እጅ፣ እንዲህ ስጨብጥ፣ ተማሪዎቼ መጥተው እንዲያዩልኝ አልፈልግም። ከንፈር እየመጠጡ! ዘጠኝ ዓመት የሸሸሁት እሱን ነው።» ፎቶውን አንስታ ወደ ራሷ አዞረችው። «እምቢ። ቃል ገብተህልኛል።»

«እሺ» አለ። ሦስት ሜትር ባዶ ግድግዳ በዓይኑ ሄደ። ሦስት ዓመት ሄደ። «እሺ። ያኛውን ነገ ጠዋት አወርደዋለሁ።»

«ያኛውን ለምን ታወርደዋለህ?»

«ውሸት ነዋ!»

«እኮ። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም። የሆነች፣ ቀኝ ጉልበቷ ደህና የሆነ፣ ምንም የማትደገፍ ሴት ናት። ታምራለች ደግሞ። እሷን ስቀላት፤ ምን ቸገረኝ?»

«ውሸት ስቀል ነው የምትይኝ? እኔን? በስሜ? ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ በኋላ?»

«አዎ፤ አንተን።» ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ከሥሩ ግን እውነቱን ትጽፋለህ። እኔ እናገራለሁ፤ አንተ ጻፍ። አጭር ነው፤ ይከብድሃል፤ ቻለው።»

እስክሪብቶ አመጣ። ሚስቱ ተናገረች፤ እሱ ጻፈ፤ «ይህች ሴት የለችም። ፊልሙን በጀርባው አስገብቼ አትሜ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«‹በመሠረቱ› ብዬ ልጀምረው?»

«አትጀምርም።»

«አንድ ትንሽ የግርጌ ማስታወሻ...»

«ሰውዬ!» አሉ አማቱ፣ በጎመን መቀንጠሻው ቢላ እየጠቆሙ።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። አቶ እውነት ከፎቶው ጎን፣ ለፍርድ እንደቀረበ ሰው፣ እጁን አመሳቅሎ ቆመ። ውርደቱን ለመቀበል ሌሊቱን ሙሉ ተዘጋጅቷል። ሰዎች መጡ፤ አዩ፤ ጽሑፉን አነበቡ፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንድ ያልጠበቀው ነገር ሆነ። በጋዜጣ ላይ ሒስ የሚጽፍ አንድ መነጽራም ሰው አገጩን እያሻሸ ጮክ ብሎ፣ «ድንቅ ነው!» አለ። «ግራና ቀኙን በማዛወር የተመልካቹን እይታ ራሱን ጥያቄ ውስጥ ከትቶታል። ‹ይህች ሴት የለችም›! እንዴት ያለ ድፍረት ነው!»

«ድፍረት አይደለም፤ ስህተት ነው» አለ አቶ እውነት።

«ስህተትን እንደ ዘዴ!» አለ ሐያሲው፤ ማስታወሻው ላይ እየጻፈ።

«ዘዴ አይደለም! ፊልሙን ገልብጬ አስገብቼው ነው! ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው! ሚስቴ ናት ያገኘችው፤ እንዲያውም አማቴ!»

«ትሕትናው ደግሞ!» አለች አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ። ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበ። አቶ እውነት ፊቱ በርበሬ መሰለ። በሕይወቱ ሙሉ እውነት ሲናገር ሰው ይጣላው ነበር፤ ዛሬ የመጀመሪያውን ንጹሕ እውነት ተናገረና አጨበጨቡለት። ለሐያሲው መልስ ሊጽፍ በሐሳቡ «በመሠረቱ» ብሎ ሲጀምር ከሕዝቡ ማዶ የሚስቱን ዓይን አየ። እናቷን ተደግፋ ቆማለች። ጭንቅላቷን ብቻ ወዲያና ወዲህ አደረገች። ብዕሩን በሐሳቡ አስቀመጠ።

አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ መቅጃ ወደ አፉ አስጠጋች። «ሁሉም የሚጠይቀውን ልጠይቅዎት። ይህች ሴት ማን ናት?»

አቶ እውነት ፎቶውን አየ። ሚስቱን አየ። ሦስት ገጽ አፉ ድረስ መጣ፤ ዋጠው።

«አልተዋወቅንም» አለ።

ሚስቱ ሳቀች። ሰው እስኪዞር ድረስ፣ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። ከዚያ በሕዝቡ መሐል ቀስ እያለች መጥታ ክንዱን ያዘች። ስትደርስ እያነከሰች ነበር፤ አየው። በየት በኩል እንደሆነም አየ።

«ወንበር ፈልግልኝ። እግሬ ደክሟል።»

«ቀኙ?» አለ፤ የተጠየቀውን እንደሚያውቅ ተማሪ ፈጥኖ።

«ዛሬስ ሁለቱም።»

በአዳራሹ ውስጥ የነበረው አንድ ወንበር ነው፤ እሱ ላይም ባለ ኮፍያው ተቀምጦ ነበር። አቶ እውነት ፊቱ ሄዶ ቆመ። «እባክህ» አለው። ባለ ኮፍያው ተነሳ፤ ከዚያም፣ ያየ ሁሉ ይመስክር፣ ኮፍያውን ከፍ አደረገለት። አቶ እውነት ወንበሩን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ እየተሯሯጠ ተመለሰ። ሕዝቡ ወንበሩም የዐውደ ርእዩ ክፍል መስሎት በአክብሮት መንገድ ለቀቀለት፤ አንዳንዱም ፎቶ አነሳው።